ፕላን ላይ የሌለችው በር

ጆቪታ ዙባኒ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደሞዝ የበላው ሙቀት እየጣለ ነው። ሌላው ሰው ብርድ ሲገባ ማገዶ ይገዛል፤ የጋዝ ሂሳቡን አይቶ ይራገማል። ጆቪታ ግን በሰሜን ጣሊያን፣ ከብሬሻ ከተማ በላይ ባለው ሸለቆ፣ ውዳቂ ብረት አቅልጦ ፌሮ በሚያወጣ ፋብሪካ ውስጥ፣ አንድ መንደር የሚያሞቅ እሳት በየቀኑ ወደ ሰማይ ሲሸኝ ይውላል። ከእቶኑ የሚወጣው ጭስ ያለ ልክ ይግላል። እንደጋለ ማጣሪያዎቹ ጋ ከደረሰ፣ ማጣሪያዎቹ የጨርቅ ከረጢቶች ናቸውና ያነዳቸዋል። ስለዚህ ጭሱን የሚያበርድ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ጆቪታ ነው። ጓደኞቹ "የጭሱ ሰው" ይሉታል። በአማርኛ "ጭሰኛ" ብንለው እንዴት ባማረ ነበር፤ ግን ያ ቃል የስንት ገበሬ መከራ ተሸክሟል፣ ይቅርብን።

ይህን ሥራ የያዘው በገዛ ጥፋቱ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሲሆነው፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በእሱ ፈረቃ ማጣሪያዎቹ ነደዱ። ሰው አልተጎዳም፤ ፋብሪካው ግን አሥራ አንድ ቀን ቆመ፣ ጥቀርሻውም እንዳለ መንደሩ ላይ ወረደ። ሰኞ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ የጠቆሩ አንሶላዎቻቸውን ታቅፈው ፋብሪካው ደጃፍ ተሰለፉ። ከሁሉም ፊት የቆመችው የጆቪታ እናት ነበረች። አንሶላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ፣ "ይሄ የልጄ የእጅ ሥራ ነው! ጥልፉን እዩልኝ!" አለች። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ጆቪታ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ማጣሪያው ተቀይሮ ሥራ በተጀመረ ሳምንት፣ ማንንም ሳያማክር ከእቶኑ ኋላ ያለውን ትልቅ የጭስ ቧንቧ ቀደደና የብረት በር በየደለት። በሯ ላይ ሰንሰለት አንጠለጠለ። ሰንሰለቱ ሲሳብ በሯ ትከፈታለች፣ የተራራው ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ጭሱም ይበርዳል። አለቃው አየና ዝም አለ፤ በዚያ ቤት ዝም ማለት ፈቃድ ነው። ከዚያ ወዲያ አንድ ከረጢት እንኳ ተቃጥሎ አያውቅም።

ጆቪታ ሰንሰለቱን የሚስበው ሰዓት አይቶ አይደለም። እቶኑ ብረቱን መብላት ሲጀምር ይንኳኳል፣ ይጮኻል፣ ይሳደባል። ቆይቶ ብረቱ ሲቀልጥ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ጩኸቱ ይቀርና አንድ ወጥ ማጉረምረም ይሆናል። ጭሱ ያለ የሌለ ሙቀቱን ይዞ የሚወጣው ያኔ ነው። ያን ድምፅ ሲሰማ የጆቪታ ቀኝ እጅ ብድግ ይላል፤ ሰውየው ቢያወራም፣ ቢያዛጋም፣ አፉ ውስጥ የሳላሜ ቋሊማ ቢኖርም። በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲያልፍ የሚያማትብ ሰው አስቦ አያማትብም፤ የሱም እጅ እንደዚያ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል፣ ሃይማኖቱ ይህ ነበር።

ኋላ ማሽኑ መጣ።

ማሽኑን ያስመጣችው ኢንጂነር ዶናታ ናት፤ ከደቡብ፣ ከፑሊያ የመጣች፣ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ጥያቄ የማያልቅባት ሴት። የፋብሪካውን ባለቤት ሲኞር ጋውዴንሲዮን ሁለት ዓመት ነዝንዛ ነው ያሳመነችው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ነው። ወደ ሰማይ የሚሄደውን የጭስ ሙቀት ትይዘዋለህ፤ በእሱ ከውሃ ቀድሞ የሚፈላ አንድ ፈሳሽ ታፈላለህ፤ እንፋሎቱ ተርባይን ያዞርና መብራት ይወጣል። ከዚያ እንፋሎቱን አቀዝቅዘህ ወደ ፈሳሽነቱ ትመልሰውና እንደገና ታፈላዋለህ። ያው ፈሳሽ ሲዞር ይኖራል፤ አያልቅም፣ አይወጣም። ጭሱም ሙቀቱን ለማሽኑ ሰጥቶ ስለሚያልፍ ማጣሪያው ጋ ሲደርስ በርዶ ነው።

ዶናታ ይህን ለሠራተኛው ሁሉ ሰብስባ አስረድታለች። "ከእንግዲህ ጭሱን የሚያበርደው ማሽኑ ነው። በእጅ የሚነካ ቁልፍ የለም" ብላለች። ጆቪታም ሰምቶ በእሺታ ራሱን ነቅንቋል። ቁልፍ ማለት እሱ እንደገባው እነዚያ አዳዲሶቹ፣ አረንጓዴና ቀይ የሚበሩት ናቸው። ሰንሰለት ቁልፍ አይደለም። በሌላው ፈረቃ ሰንሰለቱን የሚስቡት ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ተዉት።

ሠራተኛው ማሽኑን አልወደደውም፤ ምክንያቱ ፖለንታ፣ ረግቶ የሚቆረጥ የበቆሎ ገንፎ፣ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ከቤት ያመጡትን የፖለንታ ቁራጭ በፎይል ጠቅልለው ቧንቧው ላይ ይጥሉትና ለምሳ ዳሩ ተጠብሶ ይጠብቃቸው ነበር። አሁን ሙቀት እንዳይባክን ተብሎ ቧንቧው በወፍራም ልባስ ተሸፈነ። ክሬን የሚነዳው ቦርቶሎ፣ ከላይ ሆኖ መሳደብ የሚወድ ሰው፣ "አምስት ሚሊዮን ዩሮ አውጥተው ምሳችንን አቀዘቀዙት!" እያለ በየቀኑ ይጮህ ነበር።

የሙከራው ጊዜ ሦስት ሳምንት ነው። ማሽኑ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ኪሎዋት ያወጣል ተብሎ ውል ተፈርሟል። አንዳንድ ቀን ያወጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ፣ ምን እንደነካው ሳይታወቅ፣ አንድ ሺህ አንድ መቶ ላይ ወርዶ ይተኛል። ሲኞር ጋውዴንሲዮ ትዕግሥቱ አለቀ። "የመጨረሻው ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ከጠዋት እስከ ማታ ሳይወርድ ካልዋለ ፈትታችሁ ውሰዱልኝ" አለ።

ረቡዕ ዕለት ዶናታ የተጠቀለለ ወረቀት በብብቷ ይዛ ጆቪታ የሚቆምበት ሰገነት ላይ ወጣች። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበር።

"ሲኞር ጆቪታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።"

"ይጠይቁ ኢንጂነር። ግን ፖለንታዬን ከቀሙኝ ወዲህ ገና አልታረቅንም።"

"ዓርብ በሰላም ይለፍ እንጂ እኔው ጠብሼ አመጣልዎታለሁ።"

"እናንተ የደቡብ ሰዎች ፖለንታ ምኑን ታውቁታላችሁ! ቲማቲም ነው የምትደፉበት።"

ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም። ወረቀቱን በሰገነቱ መደገፊያ ብረት ላይ ዘረጋችው። መስመር ተሰምሮበታል፣ ወጣ ገባ የሚል። "ይኸውልዎት፣ ይሄ የጭሱ ሙቀት ነው፣ ማሽኑ ጋ ከመድረሱ በፊት። ይዩልኝ፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ልክ ጥሩ ሊሆን ሲል ድንገት ቁልቁል ይሄዳል። ስድስት ደቂቃ እንዲህ ወርዶ ይቆይና ተመልሶ ይወጣል። ቴርሞሜትሩ ነው ብዬ ሁለቴ ቀየርኩት። ውዳቂው ብረት ርጥብ ሆኖ ነው ብዬ ዝናብ የጣለበትን ቀን ስቆጥር ከረምኩ። ሁሌ አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ አካባቢ ነው። ደግሞ በሁሉም ፈረቃ አይደለም።"

ጆቪታ መስመሩን አየው። የራሱን ፊርማ ሌላ ሰው ደብተር ላይ ያገኘ ያህል ደነገጠ። ያ ቁልቁል የሚሄደው መስመር ሰንሰለት የሚስብ እጁ ነው። ተመልሶ የሚወጣው፣ ሰንሰለቱን ሲለቅ ነው።

"ምን ይመስልዎታል?" አለች።

"ፖታ" አለ ጆቪታ።

ፖታ የብሬሻ ሰው ቃል ነው። አመጣጡ ለጨዋ ጆሮ አይነገርም፤ አሁን ግን ቄሱም ይለዋል። "እንግዲህ" ማለት ነው፤ "ምን ይደረግ" ማለት ነው፤ "አዎ" ማለት ነው፤ "እኔ ምን አውቄ" ማለትም ነው። የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ እዚያው ሸለቆ ውስጥ የተወለደ ብቻ ነው። ዶናታ ሁለት ዓመት ኖራም አንዱን ካንዱ አትለይም፤ "አላውቅም" ያላት መሰላት። በሬ ካራጁ ይውላል ይባላል፤ እሷም ችግሯን ተሸክማ መጥታ የምታማክረው ራሱን ችግሩን ነበር።

"ያው እንግዲህ" አለች ወረቀቱን እየጠቀለለች። "ዓርብ ካልሆነ ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ማንም የለበትም። ደብዳቤው ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ወደ አገሬ ነኝ።"

ወርዳ ሄደች። እቶኑ መንኳኳቱን ተወ፣ ለሰለሰ፣ ማጉረምረም ጀመረ። የጆቪታ እጅ ብድግ አለ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ቀና ብሎ አየው። አየውና፣ የጠቆሩት አንሶላዎች ትዝ አሉት፣ ሰንሰለቱንም ሳበ። እያወቀ ሳበ። ይህን ለራሱ እንኳ መናገር አፍሮ ዋለ።

ማታ ራት ላይ ሚስቱ አኜዜ በቅቤ የተለወሰ ካዞንሴል፣ ሥጋ የታጨቀበት ፓስታ፣ አቀረበችለት። አኜዜ ነገር የማያመልጣት ሴት ናት።

"ምነው፣ ትቆጥረዋለህ ወይስ ትበላዋለህ?" አለችው።

"አልራበኝም።"

"ካዞንሴል ቀርቦ ያልራበህ እናትህ የሞተች ቀን ብቻ ነው። አሁን ማን ሞተ?"

ነገራት። ማሽኑን፣ ሰንሰለቱን፣ መስመሩን፣ ደብዳቤውን። አኜዜ ሹካዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

"እና ዓርብ አትሳበዋ! ተወው። ማሽኑ ያልፋል፣ ልጅቷ ትድናለች፣ ያንተንም ነገር የሚያውቅ የለም። አለቀ።"

"ማጣሪያው ቢቃጠልስ?"

"ማሽኑ ያበርደዋል አላለችም?"

"ብላለች።"

"ታዲያ አታምናትም?"

አኜዜ ጥቂት አሰበችና ራሷን ነቀነቀች። "አይ፣ ይሄም አይሆንም። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ዓርብ ብትተወው ሰኞ ትስበዋለህ። ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ተኝቻለሁ፤ አንተ እኮ በእንቅልፍህም ሰንሰለት ትስባለህ! ጠዋት ስነሳ ብርድ ልብሱ ሁሌ ያንተ ነው፤ እኔ እግሬ በረዶ ነው። ምን ብዬ ተናግሬህ አውቃለሁ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ እጅህ ይሰማል?" ሳቀችበት። ከዚያ ግን ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ስማ ጆቪታ። ያኔ እናትህ አንሶላውን ይዛ ስታዋርድህ፣ ጥፋቱን ሌላ ሰው ላይ ብታላክክልህ ኖሮ፣ ዛሬ ምን ትሆን ነበር? ሰነፍ ትሆን ነበር። አሁን ልጅቷ ያንተን አንሶላ ይዛ ልትሰለፍልህ ነው።"

ጆቪታ ካዞንሴሉን በላው፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ሲኞር ጋውዴንሲዮ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ዶናታ ማሽኑ አጠገብ ቆማለች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ጆቪታ ቆቡን አውልቆ ሁለቱ መካከል ገባ።

"ፖታ" አለ።

ዶናታ ዞር አለች። "አሁንም አላውቅም ሊሉኝ ነው?"

"አይደለም ኢንጂነር። አሁን ደግሞ እኔ ነኝ ማለት ነው። አሥራ ስምንተኛው ደቂቃ እኔ ነኝ።"

አልገባቸውም። ደረጃውን አስወጥቶ ከእቶኑ ኋላ ወሰዳቸውና በሯን አሳያቸው፤ በጥቀርሻ ጠቁራ ከቧንቧው ጋር አንድ የሆነች፣ ሰንሰለቷ ግን ከእጅ ብዛት የሚያበራ። ልባሱን የገጠሙት ሠራተኞች ምን እንደሆነች ሳይጠይቁ ዙሪያዋን ቆርጠው አልፈዋት ነበር።

"ይቺ ፕላኑ ላይ የለችም" አለ ሲኞር ጋውዴንሲዮ።

"ፕላኑ ሳይኖር እሷ ነበረች።"

ዶናታ ሰንሰለቱን ነካችው። ፊቷ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ቀላ። "ሁለት ቴርሞሜትር ቀየርኩ እኮ!" ብላ ጮኸች። "ዝናብ ቆጠርኩ! ሦስት ሳምንት እንቅልፍ አጣሁ! ረቡዕ እዚህ ቆሜ ሳሳይዎት ያውቁ ነበር?"

"አዎ። ያኔ ነው ያወቅሁት።"

"ዝም አሉኝ!"

"ዝም አልኩ" አለ ጆቪታ። "ፈርቼ ነው። ሥራዬን አይደለም የፈራሁት። ይሄ እጅ መንደሩን ከጥቀርሻ ሲጠብቅ ኖረ ብዬ ነበር የማምነው። ጥፋት እየሠራ ነው ሲባል አቃተኝ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

ከላይ ከክሬኑ ቦርቶሎ፣ "ንስሐው ካለቀ ብረት ላምጣ ወይስ ቄስ ልጥራ?" ብሎ ጮኸ።

ጆቪታ ከኪሱ ቀይ ጓጉንቸር አወጣ። እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ አለው፣ ስሙ የተጻፈበት። ሊጠግን ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው ማስነሻውን በራሱ ጓጉንቸር ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ይከታል፤ እሱ ራሱ ወጥቶ እስኪከፍት ማንም አይነካውም። ቁልፍህን ለሌላ ሰው አትሰጥም። ለወንድምህም አትሰጥም፤ የሰጠኸው ነፍስህን ነውና። ጆቪታ በሯ ክርችም ብላ እንደተዘጋች ሰንሰለቱን ግድግዳው ላይ ካለው ቀለበት ጋር ጠርቅሞ ቆለፈውና ቁልፉን ዶናታ መዳፍ ላይ አኖረው።

"ይያዙልኝ" አለ። "ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።"

ዶናታ ቁልፉን ጨበጠችው። ሲኞር ጋውዴንሲዮም ጆቪታን መገላመጡን ተወና፣ "በሉ እንጀምር" አለ።

እቶኑ ተነሣ። ተንኳኳ፣ ጮኸ፣ ተሳደበ። ጆቪታ የማጣሪያው ሙቀት የሚነበብበት ሰሌዳ ፊት ቆመ፤ መቶ ሠላሳ ከደረሰ ከረጢቶቹ አለቀላቸው። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ አለፈ። ጩኸቱ ለሰለሰ። ማጉረምረሙ መጣ።

እጁ ብድግ አለ። ባዶ አየር ጨብጦ ቀረ።

መቶ አራት አለ ሰሌዳው። መቶ ዘጠኝ። መቶ አሥራ ሦስት። የመንደሩ አንሶላ ሁሉ በጆቪታ ዓይን ላይ ተሰጣ። መቶ አሥራ አራት። "ቁልፉን ይስጡኝ" ሊል አፉን ከፈተ። መቶ አሥራ አራት። አሁንም መቶ አሥራ አራት። ከዚያ መቶ አሥራ ሁለት፣ ደግሞም መቶ አሥር።

"አንድ ሺህ ስድስት መቶ!" እያለች ዶናታ ከወዲያ ትጮኻለች። "ሰባት መቶ ሰባ! ስምንት መቶ አሥር! ቆመ! እዚያው ቆመ!"

ጆቪታ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ጭሱ ነው እንዳይል፣ በሯ ተዘግታለች። ሠላሳ አንድ ዓመት ወደ ሰማይ ሲሸኘው የነበረው ሙቀት እዚያ ማዶ ብረት እያዞረ ነበር፤ ኀዘንም ደስታም አንድ ላይ ያዘው። በሕይወቱ እንዲህ ደስ ያለው ቀን ጥቂት ነው።

ዶናታ ሰገነቱ ላይ ተመልሳ መጣች። ንዴቷ ጨርሶ አልወጣላትም፤ ፊቷ ላይ ይታያል። "እስቲ ይንገሩኝ" አለች። "ደቂቃውን በምን ያውቁታል? ሰዓት አያዩም።"

"በድምፁ ነው። ብረቱ ሲቀልጥ ይለሰልሳል። ሙቀቱ እኔ ከሰማሁ በኋላ ነው የሚመጣው።"

"ከምን ያህል ጊዜ በኋላ?"

"አንድ አባታችን ሆይ ካደረሱ በኋላ።"

ዶናታ ደንገጥ ብላ አየችው። "ሙቀቱ ከመምጣቱ በፊት?"

"ፖታ።"

ይህችኛዋ "አዎ" እንደሆነች ገባት። የማሽኑ ፓምፖች ሙቀቱ ከደረሰባቸው በኋላ ነው የሚሯሯጡት፤ ቀድሞ የሚነግራቸው ቢኖር ተዘጋጅተው ይጠብቁ ነበር። ከቦርሳዋ ደብዳቤውን አወጣች፣ ገለበጠችው፣ በጀርባው በሯን ሣለቻት፤ ቧንቧውን፣ ማጠፊያዋን፣ ሰንሰለቷን። "ፕላኑ ላይ ትገባለች" አለች። "ስሟ ማነው?"

"ስም የላትም።"

"የጆቪታ በር" ብላ ጻፈችና ከሥሩ "ዝግ" አለችበት።

ቀኑን ሙሉ እቶኑ በለሰለሰ ቁጥር የጆቪታ እጅ ይነሣ ነበር። በተነሣ ቁጥር ዶናታ ደቂቃውን ትጽፋለች። አሥር ጊዜ ተነሣ፣ አሥር ጊዜ ጻፈች፤ አንድም ጊዜ እጁ አልተሳሳተም። ማሽኑም አልወረደም። ሲኞር ጋውዴንሲዮ ሲመሽ ካፖርቱን አንሥቶ፣ "ለጡረታህ ስንት ቀረህ?" አለው።

"ሁለት ዓመት።"

"ሁለቱንም ዓመት ኢንጂነሯ ጋ ትቆማለህ። ጆሮህን ይዘህ ና፤ እጅህን እቤት ተወው።"

ቦርቶሎ ከክሬኑ አንገቱን አውጥቶ፣ "ኢንጂነር! አለፈ ወይስ ወደቀ?" ብሎ ጠየቀ።

ዶናታ ቀና ብላ አየችው። "ፖታ!" አለች።

ቦርቶሎ ምንም አላስደገማትም፤ የክሬኑን ደወል እስኪደነቁሩ ድረስ ደወለው።

ቤቱ ሲገባ አኜዜ በሩ ላይ ጠበቀችው። "እህስ?" አለች። ሁሉንም ነገራት፤ ቁልፉን ዶናታ ልትመልስለት ስትል ሰኞ ይደርሳል ብሎ ትቶላት እንደመጣም ነገራት። ሁለት ሰሐን በልቶ ተኛ።

ቅዳሜ ጠዋት አኜዜ ስትነቃ ብርድ ልብሱ እሷ ላይ ነበር።